አውቀነው ነው ወይስ ለምደነው?

ልብ_በል ጻፈ፦

ሰላም ለሁላችሁ። «ሰው ሲያድግ የማወቅ ጉጉቱ ይሞታል» ሲባል ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። እኔ አልቀበለውም። በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1969 የሥነ ልቦና ተመራማሪው ስታንሊ ሚልግራምና ባልደረቦቹ ኒውዮርክ ውስጥ አንድ ቀላል ነገር ሞከሩ። አንድ ሰው የእግረኛ መንገድ ላይ ቆሞ ወደ አንድ ሕንፃ መስኮት እንዲያንጋጥጥ አደረጉ። ከአላፊ አግዳሚው 40 ከመቶ ያህሉ ቀና ብሎ አየ። የሚያንጋጥጡት ሰዎች 15 ሲሆኑ ደግሞ ቀና የሚለው ከ80 ከመቶ በላይ ሆነ። እነዚህ ሁሉ ጉዳይ ያላቸው፣ የሚቸኩሉ አዋቂዎች ናቸው። ጉጉቱ የሞተበት ሰው እንዲህ አያደርግም።

ታዲያ የጠፋብን ምንድን ነው? ለእኔ የጠፋብን አጠገባችን ያለውን መጠየቅ ነው። በየቀኑ የምንነካውን፣ የምንከፍት የምንዘጋውን፣ አብረነው የምንኖረውን። መልሱን አግኝተን ብናቆም ጥሩ ነበር። ያቆምነው ግን ስለለመድነው ነው። ክፋቱ ደግሞ፣ የለመዱት ነገር ያወቁት ይመስላል።

የየል ዩኒቨርሲቲዎቹ ሊዮኒድ ሮዘንብሊትና ፍራንክ ኬል በ2002 ያወጡት ጥናት ይሄንኑ ያሳያል። ሰዎችን እንዲህ ብለው ጠየቋቸው፤ ዚፕ እንዴት እንደሚሠራ ምን ያህል ታውቃላችሁ? የበር ቁልፍስ? የልብስ ስፌት መኪናስ? ሰዉ ለራሱ ደህና ነጥብ ሰጠ። ቀጥሎ «እሺ፣ እንዴት እንደሚሠራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጻፉት» ተባለ። ከጻፉ በኋላ ለራሳቸው እንደገና ነጥብ ሲሰጡ ነጥቡ ወረደ። ሊቨርፑል ውስጥ ደግሞ ሬቤካ ሎሰን በ2006 ባሳተመችው ጥናት ሰዎችን ብስክሌት አሳለቻቸው። ሰንሰለቱን የፊቱም የኋላውም ጎማ ላይ ያዞሩ ነበሩ። ፍሬሙን ከሁለቱም ጎማ ጋር ያያዙም ነበሩ፤ እንዲህ ያለ ብስክሌት መሪው አይዞርም። ብስክሌት ከሚነዱት መካከል እንኳ የተሳሳቱ አሉ።

ዚፕና ብስክሌት ባናውቅ ኑሮ አይጎድልብንም። እኔን የሚያሳስበኝ ሰው ነው። በ2011 ኬኔት ሳቪትስኪና ባልደረቦቹ ባልና ሚስቶችን ከማይተዋወቁ ሰዎች ጋር አወዳደሩ። አንዱ ከአንድ በላይ ፍቺ ያለው ነገር ይናገራል፤ ሌላው ምን ለማለት እንደፈለገ ይገምታል። ባልና ሚስቶቹ ከማይተዋወቁት የተሻለ አልተግባቡም። «የእኔዋማ ይገባታል» የሚለው እምነት ግን ጠንካራ ነበር። ይሄን ካነበብኩ በኋላ ከአእምሮዬ አልወጣም። የማናውቀውን ሰው ከየት ነህ፣ ምን ትሠራለህ፣ ምን ትወዳለህ እንለዋለን። አብሮን የሚኖረውን ሰው ግን መቼ እንደጠየቅነው እንኳ አናስታውስም።

እናንተስ? «አውቀዋለሁ» ብላችሁ መጠየቅ ያቆማችሁት ነገር ወይም ሰው አለ? እንደገና መጠየቅስ በምን ይጀመራል?

ብሎን_ፈቺ ጻፈ፦

ጥሩ ነገር አንስተሃል ወንድሜ። እኔ የጥገና ሰው ነኝ። ሰዉን ለሌሎች ትቼ ስለ ዚፑ ልናገር። ዚፕ ተነስቶ ሳላስረዳ ማለፍ አልችልም።

የዚፕ ጥርስ ዝም ብሎ ጥርስ አይደለም። እያንዳንዱ ጥርስ በአንድ ፊቱ ትንሽ ጉብታ አለው፤ በሌላው ፊቱ ጎድጎድ ያለ ነው። የአንዱ ጉብታ የሌላው ጎድጓዳ ውስጥ ይቀመጣል። ጥርሶቹ ቀጥ ብለው ከቆሙ ግን የወጣው አይገባም፣ የገባውም አይወጣም። የሚገቡትም የሚወጡትም ዘመም ሲሉ ብቻ ነው። እጃችን የሚይዘው ተንሸራታች ሥራው ይሄ ነው። ውስጡ ሁለት ሆኖ የሚገባና አንድ ሆኖ የሚወጣ መንገድ አለ። ሲዘጋ ጥርሶቹን አዝምሞ አንድ በአንድ ያቆላልፋቸዋል። ሲከፈት መሀሉ ያለችው ሹል ነገር ትለያያቸዋለች።

ዚፕ ዘግታችሁት ከኋላው ሲከፈት «ጥርሱ አለቀ» ትላላችሁ አይደል? አብዛኛውን ጊዜ ጥርሱ ደህና ነው። ተንሸራታቹ በአገልግሎት ብዛት ጎኑ ሰፍቶ ነው፤ ስለዚህ ጥርሶቹን አጥብቆ አይጫናቸውም። በጉጠት ግራና ቀኙን ቀስ ብላችሁ ጫን አድርጉት። ብዙ ጊዜ ይስተካከላል። ከመጠን በላይ ከጫናችሁት ግን ይሰበራል፤ እኔ የለሁበትም።

በሥራዬ የማየው አንድ ነገር አለ። ሰው የተበላሸ ዕቃ ይዞ ሲመጣ የሚለው «አይሠራም» ብቻ ነው። ከየት ጋ ነው ያቆመው? ከመቆሙ በፊት የሚያሰማው ድምፅ ነበር? ይሞቅ ነበር? ስል ዝም። ሲሠራ አይቶት አያውቅማ። ዕቃ የሚታየው የተበላሸ ቀን ነው። ከሰው ጋር ያለን ነገርም ከዚህ ብዙ የሚርቅ አይመስለኝም።

ሰሚ_ጆሮ ጻፈች፦

ሁለታችሁንም አነበብኩ። አንድ ነገር ግን ቆረቆረኝ። ስለ ዕቃ የሚጠይቅ ሰው ብልህ ይባላል፤ ስለ ከዋክብት የሚጠይቅማ ሊቅ ነው። ስለ ሰው የሚጠይቀው ግን ወሬኛ ነው፣ ነገር ለቃሚ ነው። ለምን?

ሮቢን ደንባርና ባልደረቦቹ በ1990ዎቹ ሰዎች ተቀምጠው የሚጫወቱትን እያዳመጡ መዘገቡ። ከጨዋታው ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ስለ ሰው ሆኖ ተገኘ። ማን ከማን ጋር ነው፣ ማን ምን ሆነ፣ እኔን ምን ተሰማኝ። ሰውን ለማጥቃት የሚወራው ግን ከዚያ ውስጥ ትንሽ ነበር። ደንባር እንደሚለው፣ ዝንጀሮዎች አንዱ የሌላውን ፀጉር እየፈተሹ ይቀራረባሉ፤ ሰው ደግሞ ያንን በጨዋታ ተክቶታል።

ሮበርት በትለር የሚባል ተመራማሪም በ1950ዎቹ ጦጣዎችን የተዘጋ ሣጥን ውስጥ አስገባ። ትክክለኛውን መዝጊያ ገፋ ያደረገች ጦጣ ለጥቂት ሰከንድ ወደ ውጭ ታያለች። ሌላ ሽልማት የለም፣ ማየት ብቻ። ለሰዓታት አልሰለቻቸውም። ቀጥሎ ከሣጥኑ ውጭ ያለውን ነገር ቀያየረላቸው። አንዴ ባዶ ክፍል፣ አንዴ ምግብ፣ አንዴ የሚሄድ የአሻንጉሊት ባቡር፣ አንዴ ሌላ ጦጣ። ከሁሉም አብልጠው ማየት የፈለጉት ሌላዋን ጦጣ ነው። ከምግቡም ከባቡሩም በላይ።

ስለ ሌላው ማወቅ መፈለግ ከሰው በፊትም የነበረ ነገር ነው። እንደ ብልግና ባናየው ደስ ይለኛል።

ያለፈበት_ያውቃል ጻፈች፦

እህቴ ሰሚ_ጆሮ፣ ጦጣዎቹን ለጊዜው ተያቸው። እኔ ራሴ ወሬ የሆንኩበት ጊዜ ነበር። ትዳሬ የፈረሰ ጊዜ።

ያኔ ስለ እኔ ያልጠየቀ ሰው የለም። እህቴን ጠየቁ። የሥራ ባልደረቦቼን ጠየቁ። ልጄን እንኳ ጠየቁት። እኔን ግን የጠየቀኝ አልነበረም። «እንዴት ነሽ?» ይሉኛል፣ «ደህና» እላለሁ፣ ዓይናቸውን ወደ ሌላ ያዞራሉ። በዚያው ያበቃል።

አንዲት ብዙም የማልቀርባት ሴት ነበረች። አንድ ቀን አጠገቤ ቁጭ ብላ «ማታ ማታ ምን ታደርጊያለሽ?» አለችኝ። ለምን ተፋታችሁ አላለችም። ጥፋቱ የማን ነው አላለችም። ማታ ማታ ምን ታደርጊያለሽ፣ በቃ። ያን ቀን ለማንም ያልተናገርኩትን ሁሉ ተናገርኩ። ስለ ሰው መጠየቅ አንድ ነገር ነው፣ ሰውየውን መጠየቅ ሌላ። ሁለቱን በአንድ ስም ስትጠሯቸው ያመኛል።

ሰሚ_ጆሮ ጻፈች፦

እህቴ፣ የሴትየዋ ጥያቄ አሁንም ጆሮዬ ላይ ነው። እያሰብኩት የደረስኩበትን ልንገርሽ። «ለምን ተፋታችሁ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልሱን አስቀድሞ ገምቶ ነው የሚመጣው። የሚፈልገው ግምቱ ልክ መሆኑን ነው። «ማታ ማታ ምን ታደርጊያለሽ?» የሚለውን ግን ማንም ከውጭ ሆኖ ሊገምት አይችልም። አንቺ ብቻ ነሽ የምታውቂው። እሷ በእውነት አላወቀችም ነበር፣ ማወቅም ፈለገች። ልዩነቱ የሚመስለኝ ይሄ ነው።

የሌሊት_ተረኛ ጻፈች፦

አልጨቅጭቃችሁም ግን ልናገር። ነርስ ነኝ። የጻፋችሁትን ሳየው ሁላችሁም ጊዜ ያላችሁ ሰዎች ትመስሉኛላችሁ። ከተረኝነት ስወጣ እግሬ አብጦ፣ ዓይኔ ቀልቶ ነው። በዚያ ሰዓት ዚፑ እንዴት እንደሚዘጋ የማስብበት ጉልበት የለኝም፤ ከተዘጋ ይበቃኛል። ቤት ገብቼም ልጆቼን «ትምህርት እንዴት ነበር?» እላለሁ፣ «ጥሩ» ይሉኛል፣ ሁላችንም እናርፋለን።

ስለ ጉጉት የሚጽፉ ሰዎች ድካምን ለምን እንደማያነሱት አይገባኝም። የደከመ አእምሮ በተለመደው መንገድ ነው የሚሄደው፤ እኔ ከዚያ በላይ አልጠብቅበትም። መልመድ እኮ ባይኖር ኖሮ አንድ ተረኝነት እንኳ አልጨርስም ነበር። መርፌ በወጋሁ ቁጥር መርፌውን ብጠይቅ በሽተኛው መቼ ይታከማል?

ጠመኔ ጻፈ፦

እህታችን የሌሊት_ተረኛ ያነሳሽው ከባድ ነገር ነው። በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። አስተማሪ ነኝ፤ ድካምን አውቀዋለሁ። አንዲት ሴት ግን ትዝ አለችኝ፤ ስለ እሷ ልጻፍ።

አግነስ ፖክልስ ትባላለች። የተወለደችው በ1862 ነው፤ የኖረችው ጀርመን ውስጥ ብራውንሽቫይግ ነው። በዘመኗ ሴት ዩኒቨርሲቲ አትገባም ነበር። ወላጆቿ በሽተኞች ስለነበሩ እነሱን እያስታመመች፣ ቤቱንም እየያዘች ኖረች። በየቀኑ ዕቃ ታጥባለች። ዕቃ በምታጥብበት ውሃ ፊት ላይ ቅባትና ሳሙና ምን እንደሚያደርጉ ልብ አለች። ሌላው ሰው ውሃውን ደፍቶ ይሄዳል፤ እሷ ቆማ አየች።

20 ዓመት ገደማ ሲሆናት ከቆርቆሮ አንድ ገበታ ሠራች። ገበታውን በውሃ ሞልታ ቀጭን የቆርቆሮ ቁራጭ በላዩ አጋደመች። ቁራጩን ወዲያና ወዲህ ስታንሸራትተው ቅባት የነካው የውሃ ፊት ይሰፋል፣ ይጠባል። ከዚያ የልብስ ቁልፍ የመሰለች ክብ ነገር በትንሽ ሚዛን አንጠልጥላ ከውሃው ፊት ላይ ለማላቀቅ ምን ያህል ኃይል እንደሚጠይቅ ለካች። ለዓመታት እንዲህ እየለካች መዘገበች። በ1891 ውጤቷን ለእንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ለሎርድ ሬይሊ በደብዳቤ ላከች። እሱም ወደ «ኔቸር» መጽሔት አስተላለፈው፤ በዚያው ዓመት ታተመ። አሜሪካዊው ኬሚስት ኢርቪንግ ላንግሚዩር የእሷን ገበታ አሻሽሎ ተጠቀመበት፤ በነገሮች ፊት ላይ የሚሆነውን በሚያጠናው በዚሁ የገጽታ ኬሚስትሪ በ1932 ኖቤል አገኘ። ለእሷም በዚያው በ1932፣ በ70 ዓመቷ፣ የከተማዋ የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጣት።

ይሄን የጻፍኩት «አየሽ፣ ደክሟትም ችላለች» ለማለት አይደለም። ለጥያቄዋ ተጨማሪ ሰዓት አልነበራትም ለማለት ነው። ዕቃውን ያጠበችበት ሰዓትና ያየችበት ሰዓት አንድ ነበር።

ስለ ልጆችም ያነሳሽው አለ። ባርባራ ቲዛርድና ማርቲን ሂውዝ በ1984 ባሳተሙት ጥናት አራት ዓመት ሊሞላቸው የደረሱ ሴት ልጆችን ቤታቸውም መዋዕለ ሕፃናትም ቀረፁ። ልጆቹ ቤት ውስጥ በሰዓት በአማካይ 26 ያህል ጥያቄ ይጠይቃሉ። መዋዕለ ሕፃናት ሲገቡ 2 ያህል ብቻ። ልጆቹ እነዚያው ናቸው፣ ዕድሜያቸውም ያው ነው። በእኔ ሙያ ያለ ሰው ይሄን አንብቦ ዝም ማለት አይችልም።

ምክንያቱ አንዱ ምን እንደሆነ ኤልዛቤት ቦናዊትስና ባልደረቦቿ በ2011 አሳይተዋል። ብዙ የተደበቀ ነገር ያለበት አሻንጉሊት ሠሩ። አንዱ ጋ ሲስቡት ይጮኻል፣ ሌላ ቦታ ይበራል፣ ሌላ ቦታ ሙዚቃ አለው፣ ውስጡ መስታወት አለ። ለአንዳንዶቹ ልጆች አዋቂዋ «ይሄ እንዲህ ነው የሚሠራው» ብላ ጩኸቱን አሳየች። ለሌሎቹ ደግሞ ሳታውቀው የነካችው አስመስላ «ውይ፣ ይሄን አያችሁ?» አለች። የመጀመሪያዎቹ ሲያስጮኹት ቆይተው ተዉት። ሌሎቹ ግን ከዚህ በላይ ፈለጉ፣ የበለጠም አገኙ። እንዲህ ተነግሮት የተማረ ልጅ «ከዚህ ሌላ ቢኖር ኖሮ ይነገረኝ ነበር» ብሎ ያስባል። አስተሳሰቡ ስሕተት የለበትም። ችግሩ የእኛ አነጋገር ነው።

የሌሊት_ተረኛ ጻፈች፦

መምህር፣ የፖክልስን ታሪክ ስላካፈሉን አመሰግናለሁ። ከመተኛቴ በፊት ደግሜ ነው ያነበብኩት። እንዳየሁት ከሆነ ታናሽ ወንድሟ ፊዚክስ ይማር ስለነበር መጻሕፍት ይልክላት ነበር። ወንድም የሌላቸውስ? ዕቃ እያጠቡ፣ በሽተኛ እያስታመሙ፣ ያዩትን አይተው፣ የሚጽፉለት ሰው አጥተው የሄዱት ስንት ይሆኑ? ጉጉት ሲነሳ እኔ ቶሎ ትዝ የሚሉኝ እነሱ ናቸው። ጥያቄማ ነበራቸው። የሚሰማቸው ነው ያጡት።

የልጆቹን ጥያቄ ግን ቀይሬዋለሁ። ትናንት «ዛሬ ያልገባህ ነገር ምን ነበር?» አልኩት ትልቁን። መጀመሪያ ፈራ። የምቆጣው መስሎታል። ከዚያ ስለ ክፍልፋይ ጀምሮ ጨረቃ ላይ ደረስን። እግሬ እንዳበጠ ነው፤ ግን ጥያቄው ከበፊቱ የበለጠ ጉልበት አልጠየቀኝም። እዚህ ላይ ትክክል ነዎት።

ገና_ነኝ ጻፈ፦

የሁላችሁም ታናሽ ሳልሆን አልቀርም። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ጉጉት አነሰው ማለት አይቻልም። ስልኬን ይዤ እስከ እኩለ ሌሊት «ቀጥሎ ምን አለ? ቀጥሎስ?» ስል ነው የማመሸው። ይሄ ጉጉት ካልሆነ ምንድን ነው? ጠዋት ስነሳ ግን ካየሁት አንዱንም አላስታውስም።

አንድ ያነበብኩት ነገር አለ። ቲሞቲ ዊልሰንና ባልደረቦቹ በ2014 ሰዎችን ባዶ ክፍል ውስጥ ለ15 ደቂቃ ብቻቸውን አስቀመጡ። ስልክ የለም፣ መጽሐፍ የለም። ያለው ሲጫኑት በኤሌክትሪክ የሚነዝር አንድ ቁልፍ ነው። ቀድመው ቀምሰውታል፤ «ድጋሚ እንዳይነዝረኝ ገንዘብ እከፍላለሁ» ያሉ ሰዎች ናቸው። እንዲያም ሆኖ ከ18 ወንዶች 12ቱ፣ ከ24 ሴቶች 6ቱ ራሳቸውን አስነዘሩ። በ2016 ደግሞ ክሪስቶፈር ሺና ቦወን ሩዋን ጠረጴዛ ላይ እስክሪብቶ አስቀመጡ። አንዳንዱ ሲጫኑት ይነዝራል፣ አንዳንዱ አይነዝርም። የትኛው እንደሚነዝር የተነገራቸው ሰዎች ጥቂት ነካክተው ተዉት። ያልተነገራቸው ግን የበለጠ ጫኑ። ሕመሙን ፈልገው አይደለም። አለማወቁን መቻል አቅቷቸው ነው።

የእኔ ማታ ማታ ስልክ መነካካት ከዚህ የተለየ አይመስለኝም። የፖክልስ ጉጉትና ይሄ አንድ ናቸው ወይ? አንድ ከሆኑ እኔ ምኔ ነው የጎደለው?

ልብ_በል ጻፈ፦

ገና_ነኝ፣ ከሁላችንም የተሻለ ጥያቄ ጠየቅክ። የመሰለኝን ልሞክር።

ጆርጅ ሎወንስታይን በ1994 እንደጻፈው፣ ጉጉት የሚነሳው በምናውቀውና ማወቅ በምንፈልገው መካከል ክፍተት ሲታየን ነው። ምንም የማናውቀው ነገር አያጓጓንም፤ ክፍተቱ አይታየንምና። ትንሽ ያወቅነው ነው የሚያሳክከን። ስለዚህ አንተ ምንም አልጎደለህም። ክፍተቱ የሚከፈትልህ ሌላ ሰው በሠራው መንገድ ነው። ይከፈታል፣ በአምስት ሰከንድ ይዘጋል፣ ሌላ ይከፈታል። አንድም ጊዜ ክፍተቱን አንተ ራስህ አላገኘኸውም፣ አብረኸውም አላደርክም። የማታስታውሰውም ለዚህ ይመስለኛል።

በሌላው ጫፍ ዳርዊንን ተመልከት። በ1842 መጨረሻ ከቤቱ አጠገብ ያለ ሜዳ ላይ የኖራ ድንጋይ ስብርባሪ በተነ። የምድር ትሎች አፈሩን ከሥር እያወጡ ላዩን ይሸፍኑት እንደሆነ ማየት ፈልጎ ነው። ተዋቸው። ሜዳውን ያስቆፈረው በ1871 ነው፤ 29 ዓመት ቆይቶ። ስብርባሪው 18 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከአፈር በታች በነጭ መስመር ተኝቶ አገኘው። መካከል ላይ ሌላ ብዙ ነገር ሠርቷል፣ ልጆች አሳድጓል፣ ታሟል። ጥያቄው ግን አልተዘጋም። ስለ ትሎቹ የጻፈው መጽሐፍ በ1881 ወጣ፤ በቀጣዩ ዓመት አረፈ። እሱም ሆነ አንተ ያው ሰው ናችሁ። የተለያየው አለማወቅን ምን ያህል ጊዜ መሸከም እንደምትችሉ ነው። ይሄ ደግሞ በልምምድ የሚያድግ ነገር ነው ብዬ አምናለሁ። አንድ ነገር ሲያጓጓህ ወዲያው ስልኩን አታንሳ። መጀመሪያ ገምት። ግምትህን ጻፈው። ከዚያ ፈልግ።

አዛውንቱ ጻፉ፦

ልጆቼ፣ ዝም ብዬ ስከታተላችሁ ቆየሁ። ልብ_በል መጀመሪያ የጠየቅከውን ጥያቄ ማንም አልመለሰልህም። አብሮን የሚኖረውን ሰው እንደገና መጠየቅ በምን ይጀመራል ብለህ ነበር።

ባለቤቴ ከመተኛቷ በፊት የበሩን ቁልፍ ሁልጊዜ ትነካካለች። እኔ ተኝቼ ድምፁን እሰማለሁ። ፈሪ ናት፣ መቆለፉን እያረጋገጠች ነው ብዬ ዕድሜዬን ሙሉ አልፌዋለሁ። ይሄን ውይይት ካነበብኩ በኋላ ጠየቅኳት። «ለምን?» ብዬ አይደለም። «ለምን» ሰውን ያስደነግጣል፤ የተከሰሰ ይመስለዋል። «ይሄን ነገር መቼ ነው የጀመርሽው?» አልኳት።

ልጅ ሳለች ነው አለች። አንድ ሌሊት ቤታቸው ጭስ ሞልቶ ሲሸሹ በሩ አልከፈት ብሏቸው ነበር። ማንም አልሞተም። ከዚያ ወዲህ ግን ሳታየው አትተኛም። የምታረጋግጠው መቆለፉን አልነበረም። መከፈቱን ነው። የበሩን ድምፅ ስሰማ የኖርኩት እኔ ነኝ፤ ትርጉሙን ግን ገልብጬ ይዤዋለሁ።

ስለዚህ ምክሬ ይሄ ነው። ከትንሹ ጀምሩ። ትልቁን ጥያቄ ስትጠይቁ ሰው መልስ ያዘጋጃል። እጁ ዘወትር የሚያደርገውን ነገር ጠይቁት፣ የተዘጋጀ መልስ የለውም። ደግሞም መልሱን ስትሰሙ ቶሎ «አዎ አዎ» አትበሉ። እኔ ባለቤቴን ያቋረጥኳት ቢሆን ጭሱ ጋ አንደርስም ነበር።

ያለፈበት_ያውቃል ጻፈች፦

አባታችን፣ ዕድሜ ይስጥዎ። «መቼ ጀመርሽው» የሚለውን ዛሬ እናቴ ላይ እሞክረዋለሁ።

ገና_ነኝ ጻፈ፦

ልብ_በል እንዳልከው መጀመሪያ ገመትኩ። ገላዬን ስታጠብ ጣቶቼ ተጨማደዱ። ግምቴ፦ ቆዳው ውሃ ጠጥቶ አብጦ ነው። ነርሷ እህቴ፣ ልክ ነኝ?

የሌሊት_ተረኛ ጻፈች፦

ብዙ ሰው የሚገምተው ይሄንኑ ነው። ግን አይደለም። ነርቩ የተጎዳ ጣት ውሃ ውስጥ ቢቆይም አይጨማደድም። ይሄ ከ1930ዎቹ ጀምሮ የታወቀ ነው። ውሃ መጠጣት ብቻ ቢሆን ኖሮ ነርቭ ኖረ አልኖረ ለውጥ አያመጣም ነበር። የሚሆነው፣ ነርቮቹ የጣት ጫፍ ላይ ያሉትን ደም ሥሮች ያጠብቧቸዋል፤ ከሥር ያለው ሥጋ መጠኑ ይቀንሳል፤ ቆዳው ወደ ውስጥ ይሸበሸባል። ማበጥ ሳይሆን መክሳት ነው። ሐኪሞች ነርቭ መሥራት አለመሥራቱን ለማየት ይጠቀሙበታል። ራሱን የማያውቅ ወይም መናገር የማይችል በሽተኛ ሲሆን በተለይ ይጠቅማል።

ብሎን_ፈቺ ጻፈ፦

ሰውነት በነርቭ አዝዞ የሚያደርገው ከሆነማ ጥቅም አለው ማለት ነው። የጎማ ጥርስ ሥራው ውሃውን በቦዩ አስወጥቶ መሬቱን እንዲይዝ ማድረግ ነው። ጣትም እንደዚያ ይሆን?

የሌሊት_ተረኛ ጻፈች፦

እንደዚያ ያሉ አሉ። በ2013 እንግሊዝ አገር የወጣ አንድ ጥናት ጣታቸው የተጨማደደ ሰዎች እርጥብ ነገር ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ሲያጓጉዙ ፈጠን ይላሉ ብሏል። ደረቅ ነገር ላይ ግን ልዩነት የለም። በቀጣዩ ዓመት ሌሎች ደግመው ሲሞክሩት ጥቅሙን አላዩትም። ስለዚህ ገና ይከራከሩበታል።

ገና_ነኝ ጻፈ፦

እሺ፣ ጥቅም አለው እንበል። ታዲያ ለምን ሁልጊዜ ተጨማዶ አይኖርም? መልስ እንዳትጽፉልኝ። ግምቴን ነገ ይዤ እመጣለሁ።